ወንዙ የረታበት ክስ

የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው "እኛን ነው የሚለው" ብለው የሚነሡብኝ ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ጋር መጣላት አልችልም፤ ጉልበቴን ለሌላ ጠብ አስቀምጬዋለሁ። በዚያ አገር፣ በአንዲት ከተማ፣ እኔ ወንዝ ቀማሽ ነበርኩ። ቢሻው ወንዝ ቀማሹ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ ሰው አልነበረም።

ሥራው ቀላል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ሥር እወርዳለሁ። የታች ሰፈር ሰው ጄሪካኑን ደርድሮ ይጠብቀኛል። በቆርቆሮ ኩባያ ከወንዙ ቀድቼ ሰው እያየኝ እጠጣለሁ፤ ጥቂት እቆያለሁ፤ ከዚያ "ደህና ነው" እላለሁ። የሸንጎው ጸሐፊ ያልኩትን መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። እኔ "ደህና ነው" ሳልል አንድ ጣሳ ውሃ የሚቀዳ የለም፤ ካልኩ በኋላ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የሚጠራጠር የለም። ከእኔ በፊት አባቴ፣ ከአባቴ በፊት የአባቴ አጎት ቀምሰዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቀምስ ክረምት ጭቃ ጭቃ፣ በጋ ቅጠል ቅጠል ከማለቱ በቀር ክፉ ነገር አላገኘሁበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ የሞተ ውሻ መኖሩን በአፌ ዐውቄ ሰው ልከን አስወጣነው። ይህ ሲወራልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ኮረብታው ላይ አዲስ መንደር ተሠራ። ስድስት መቶ ቤት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት መጸዳጃ። ሁለት መጸዳጃ ያለው ቤት ፍሳሹን የት ያደርሰዋል ብሎ መጀመሪያ ላይ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያፈጠጠው በረንዳው ላይ ነበር። ሕጉ ግን ነበር፤ ጥሩ ሕግ ነበር። ከአዲስ መንደር የሚወጣ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ አይገባም ይላል። ስለዚህ ማጣሪያ ይሠራ ተባለ። ይህን የተቃወመ አንድም ሰው የለም። ክርክሩ ማጣሪያው ከምን ይሠራ የሚል ሆነ፤ ከብረት ወይስ ከሲሚንቶ?

እዚህ ላይ የከተማውን ልማድ መናገር አለብኝ። በዚያ ከተማ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ክስ ነው። አንድ ነገር እንዲወሰን ከተፈለገ ሁለት ወገን ሸንጎ ይቆማል፤ ይሟገታል፤ አንዱ ያሸንፋል፤ ተሸናፊው የአሸናፊውን ወንበር በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤቱ ያደርስለታል። ወንበር ካልተሸከሙ ነገሩ አልተዘጋም። ሙሽራና ሙሽሪት "ለሠርጉ ስንት ሰው እንጥራ" በሚል ሸንጎ ቆመው፣ ሙሽራው ተሸንፎ በሙሉ ልብሱ ወንበር ተሸክሞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሸንጎውን የሚመሩት ሚዛን ያዡ ይባላሉ። ረጋ ያሉ፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሰው ሲጮህ ሲሰሙ ከልባቸው ያዝናሉ።

ለብረት የቆመው ጓንጉል ነበር፤ ዓይኑ ከብየዳ ብዛት የቀላ በያጅ። ለሲሚንቶ የቆመችው ይመኙሻል ነበረች፤ የከተማውን ድልድይ የሠራች ግንበኛ። ሁለቱም የእጃቸውን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የደረሰው ነገር ባለማወቅ የደረሰ እንዳይመስላችሁ ነው።

"ብረት ተቆርጦ፣ ተበስቶ ነው የሚመጣው" አለ ጓንጉል በመጀመሪያው ቀን። "ቦታው ላይ በብሎን ማሰር ብቻ ነው። በሦስት ወር ይቆማል። ሰው ሲጨምር ሌላ ክፍል እንቀጥልበታለን። ቦታው ለሌላ ቢፈለግ ፈትተን እናነሣዋለን።"

"ብረት ይዝጋል" አለች ይመኙሻል። "ቀለሙ የተላጠ ዕለት መበላት ይጀምራል። የሲሚንቶ ገንዳ ግን እኔም ሞቼ፣ ልጄም ሞታ እሱ ይቆማል። ሁለት ዓመት ይፈጃል እንጂ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል።"

"ኮረብታው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ገንዳሽ በሦስተኛው ዓመት አፉን ይከፍታል።"

"መሠረት እስከየት እንደሚቆፈር አንተ ነህ የምታስተምረኝ?"

የሸንጎው ሰው አጨበጨበ። ሚዛን ያዡም "ግሩም ክርክር ነው" ብለው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩ። በሚቀጥለውም ወር ግሩም ነበር። በስድስተኛው ወር ናሙና ይቅረብ ተባለ። ይመኙሻል አንድ ክንድ ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ግድግዳ ገንብታ አቀረበች። ጓንጉል ግን ነገር በግማሽ መሥራት አያውቅምና፣ ናሙና ሲባል እውነተኛ ማጣሪያ አመጣ። ትንሽ ነው፤ ስልሳ ቤት ነው የሚችለው፤ ነገር ግን ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነው። ኮረብታው ግርጌ ተከለው። ሚዛን ያዡ ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ወደዱት፤ በሩን በቀይ ሰም አሳተሙት። "ይህ ማስረጃ ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አሉ። ጠባቂ ሳይቀር ቀጠሩለት።

በዚያው ሰሞን ስልሳ ቤተሰብ አዲሱ መንደር ገባ። ቤቱን ከገዙ ቆይተዋል፤ ኪራይ መክፈል ሰልችቷቸዋል፤ እነሱንም አልፈርድባቸውም። ሸንጎው "ለጊዜው ይግቡ" ብሎ ፈቀደ። ፍሳሻቸውም ለጊዜው በቱቦ ወንዙ ውስጥ እንዲገባ ሆነ። ቱቦው የሚያልፈው በታተመው ማጣሪያ አጠገብ ነው። በማጣሪያውና በቱቦው መካከል ያለው ርቀት ስምንት እርምጃ ነው፤ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስቀምስ ሳሙና ሳሙና አለኝ። ደግሜ ቀመስኩ። ሳሙና ነው፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ያን ነገር ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ኩባያውን ደፋሁት። ጸሐፊው ጠጋ ብሎ "ሚዛን ያዡ ይፈልጉሃል" አለኝ። ሰዉን "ጥቂት ጠብቁኝ" ብዬ ሄድኩ።

"ቢሻው፣ ምን አገኘህ?" አሉኝ።

"ውሃው ተበላሽቷል ጌታዬ። ከላይ በሚመጣው ፍሳሽ ነው።"

"እሱ እኮ በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ ነው" አሉ በሐዘኔታ። "አሁን ከፋ ብትል ለብረት ያደላህ ይመስላል፤ ቶሎ የሚደርሰው ብረት ነዋ። ደህና ነው ብትል ግን ለማንም አላደላህም። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ የመጨረሻው ቃልህ ይጸናል። የመጨረሻው ቃልህ ምን ነበር?"

"ደህና ነው።"

"በል እሱኑ በል።"

ተመልሼ ሄጄ አልኩት። ሦስት ቅዳሜ አልኩት። ደመወዜ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው ብል በተሻለኝ፤ ቢያንስ ምክንያት ይሆነኝ ነበር። እውነቱ ግን እምቢ ማለት እንደሚቻል ትዝ አላለኝም። ሰውየው በለሰለሰ ድምፅ ሲናገሩ ነገሩ ሁሉ ልክ ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

እትዬ እማዋይሽ ታላቅ እኅቴ ናት። ባሏ አብተው ብርድ ልብስ አጣቢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ ሲጠማው ጎንበስ ብሎ በእጁ የሚጠጣ ሰው። ሦስተኛውን "ደህና ነው" ባልኩ በማክሰኞው ተቅማጥና ትውከት ያዘው። አርብ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ቀለል ሲል እኅቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ቢሻው፣ ያን ቅዳሜ ቀምሰህ ነበር?"

"ቀምሻለሁ እትዬ።"

"ምን ምን አለህ?"

"ሳሙና።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"ጉዳዩ በክርክር ላይ ነበር።"

አንድ ጊዜ አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ብትሰድበኝ ኖሮ ቀሎኝ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩባያዬን ደፍቼ እቆም ጀመር። አልቀምስም አልኩ። ጸሐፊው "ቀማሹ ዝም ብሏል" ብሎ ይጽፋል። ዝም ባልኩ ቁጥር የታች ሰፈር ሰው ከጫካው ማዶ ወዳለው ምንጭ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መመለሻ፤ ምክንያቱም ሲመለሱ ጄሪካኑ ሙሉ ነው። ሰዎች በማን ተናደዱ ይመስላችኋል? በእኔ። "ምን አለበት ጋሽ ቢሻው፣ ትንሽ ብትቀምስልን" ይሉኛል፤ ፍሳሹን የለቀቅኩት እኔ ይመስል።

በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት አለፈ። ጓንጉልና ይመኙሻል በየወሩ እየተገናኙ ይሟገታሉ፤ ክርክራቸው እየተሳለ ሄዶ ከሌላ ከተማ ሊያዳምጡ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ከሸንጎ ውጪ ግን ሁለቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ተሟጋች ከተሟጋች ጋር ማውራት ነውር ነው። አንድ እሑድ ሁለቱን ለየብቻ "እኅቴ ቤት ለአብተው ተዝካር ና፣ ነይ" ብዬ ጠራኋቸው። ሲተያዩ ሊወጡ ነበር። እትዬ እማዋይሽ በሩ ላይ ቆመች።

"ተቀመጡ፤ አንድ ነገር ነው የምጠይቃችሁ" አለች። "እኔ አልተማርኩም። ላይኛው መንደር ያሉት ስልሳ ቤት ናቸው አሉ። ለስልሳ ቤት የቱ ይሻላል?"

ይመኙሻል፣ "ለስልሳ ቤትማ ብረት ነው" አለች። "ቶሎ ይደርሳል። ለስልሳ ቤት ብሎ ያን ሁሉ ሲሚንቶ የሚያፈስ ጤነኛ የለም።"

"ስድስት መቶው ሲሞላስ?"

"እሱን ሲሚንቶ ነው የሚችለው" አለ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ። "መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ከወረደ ምንም አይሆንም። እሷ ደግሞ ታወርደዋለች።"

"ሲሚንቶው እስኪደርቅ ብረቱ ይሠራል፤ ሲሚንቶው ሲደርስ ብረቱን ፈትቶ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው" አለች ይመኙሻል። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ።"

እኅቴ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸው። "እና ዓመት ሙሉ ምን ስትሉ ነበር?"

"እንከራከር ነበር" አለ ጓንጉል።

በማግስቱ ሁለቱም ተያይዘው ሸንጎ ቀረቡና ተስማምተናል አሉ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሚዛን ያዡ ያን ያህል ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም። "ተስማምተናል ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ። "ማን አሸነፈ? ማነው ወንበር የሚሸከመው?"

"ማንም አይሸከም ጌታዬ" አለች ይመኙሻል። "ብረቱ ተተክሏል፤ ሰሙን ማንሣት ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ ተሸናፊ የሌለው ጉዳይ አልተወሰነም። ዛሬ እናንተ ተስማማችሁ ተብሎ ቢለቀቅ ነገ ሁሉም እየተስማማ ይመጣል፤ ሸንጎው ምን ሊሠራ ነው?" ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። የሁለቱ ስምምነት እንደ ሤራ ተቆጠረ። ክርክሩ ከመጀመሪያው እንዲጀመር፣ ዳግም እንዳይመሳጠሩም ወገን እንዲቀያየሩ ታዘዘ፤ ግንበኛዋ ለብረት፣ በያጁ ለሲሚንቶ።

ተቀያየሩም። የባሰው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ጥሩ አድርገው ተከራከሩ። እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን ድክመት አብጠርጥሮ ያውቀዋላ። ጓንጉል ስለ ሲሚንቶ ሲናገር ብረቱ በዓይናችን ፊት ዝጎ የፈረሰ መሰለን፤ ይመኙሻልም ሲሚንቶን ስትሰነጥቀው ሰው ግድግዳውን ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ ነበር። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጥርሴን አፋጭ ነበር። ሁሉም ሲወጣ "ደስ የሚል ቀን ነበር" ይባባላል። በዚያው ሳምንት ታች ሰፈር፣ የምንጩ መንገድ አቅቷቸው በሌሊት ከወንዙ ሲቀዱ በነበሩ ሁለት ቤቶች ለቅሶ ነበር።

ሸንጎው በዓመት አንድ ጊዜ አርባ ቀን ያርፋል። ሚዛን ያዡ ወደ ፍል ውሃ ሄደው ይታጠባሉ፤ ጠባቂውም አገሩ ይገባል፤ መዝገቡን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ጸሐፊው ብቻ ነው። ባረፉ በሁለተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጓንጉል መጣና "ጋሽ ቢሻው፣ አካፋ አለህ?" አለኝ። ይመኙሻል አስቀድማ ደርሳ ስምንቱን እርምጃ በኖራ አስምራለች።

ቦዩን ቆፈርን። ቱቦውን አዞርን። ሰሙን ጓንጉል በመዶሻ እጀታ መታው፤ ረገፈ። ከሌላ ከተማ፣ ሥራ ላይ ካለ ማጣሪያ፣ በበርሜል የተጫነ ጥቁር ዝቃጭ አመጣ። "ይህ እርሾው ነው" አለኝ። "ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው ቆሻሻውን የሚበሉት። እኛ አየር ብቻ እንነፋላቸዋለን።" ሞተሩን ሲያስነሣው ብረቱ ጉርምርም አለ። የላይኛው መንደር ሰዎች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ያዩ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወርዶ የምንጠጣው ሻይ አመጣልን። "ከዓመት በላይ ይህን ነገር በመስኮት ሳየው የሐውልት ዓይነት ነገር መስሎኝ ነበር" አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣው ውሃ ድፍርስ ነበር። በአሥረኛው ቀን ጠራ። ይመኙሻል በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ ይዛ አየችው፤ አልሳቀችም፤ ወደ ጓንጉል ዞራ "ብሎኖችህ ጥሩ ናቸው" አለችው። በመጨረሻ መድኃኒት ጠብ ተደርጎበት ነው ወንዝ የሚገባው። በቀጣዩ ቅዳሜ ኩባያዬን ይዤ ወረድኩ። ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ተስፋ ቆርጠዋል። ቀመስኩ። ሳሙና የለም። ሌላውም የለም። ቅጠል ቅጠል አለኝ፤ ድሮ ጣዕሙ ያስጠላኝ የነበረው ያ የበጋ ቅጠል። ኩባያውን እስከ ሥሩ ጨለጥኩት። "ደህና ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። ጸሐፊው ጻፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ወረደ፤ ደህና ነው አልኩ፤ ጻፈ። በሦስተኛውም እንዲሁ። እትዬ እማዋይሽ የባሏን ብርድ ልብሶች አውጥታ ወንዙ ዳር ስታጥብ አየኋት። ሦስት ቅዳሜ አንድም ሰው አልታመመም።

ሸንጎው ከዕረፍት ተመለሰ። የረገፈውን ሰም ሲያዩ ይቆጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። ሚዛን ያዡ ግን ፊታቸው በርቷል። መዝገቡን ገልጠው አነበቡልን።

"ደህና ነው። ደህና ነው። ደህና ነው። ይህ በግድ የተባለ አይደለም፤ ቀማሹ በገዛ አፉ፣ ሸንጎው ሳይኖር የተናገረው ነው። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ብረት ነው ሲሚንቶ ነው እያልኩ ስጨነቅ፣ ለካ ወንዙ ምንም አልሆነም። ምንም ካልሆነ ማጣሪያው ለምንድን ነው?"

"ጌታዬ!" ብዬ ተነሣሁ። "የጠራው እኮ ማጣሪያው ስለሠራ ነው!"

"ማስረጃ አይሠራም ቢሻው። ማስረጃ ማስረጃ ነው።"

ጓንጉል ወደ ፊት ወጣ። "ሠርቷል። ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ግን መሥራቱን ጻፉ።"

ይመኙሻልም "እኔም አለሁበት" አለች።

ሚዛን ያዡ ለሁለቱም አዘኑላቸው። "ልጆቼ፣ ማኅተሙ የተሰበረ ማስረጃ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንዳልነበረ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ውሃ አያጠራም። ይህን ሕጉ ነው የሚለው፤ እኔ አይደለሁም።"

ከዚያ ፈረዱ። ብረት ተሸንፏል። ሲሚንቶ ተሸንፏል። ያሸነፈው ወንዙ ነው። ጓንጉል ሰም በመስበር ሰባት ወር ይታሰር፤ ከመታሰሩ በፊት ግን ከይመኙሻል ጋር ሆነው ለአሸናፊው ወንበር ይሸከሙ። ጉዳዩ ስለተዘጋ ማስረጃው ይነሣ፤ ቱቦውም ወደ ነበረበት ይመለስ፤ የቀሩት አምስት መቶ አርባ ቤቶች ቁልፋቸውን ይውሰዱ።

ሁለቱ በዚያ ፀሐይ ወንበሩን በእግሩና በመደገፊያው ይዘው ወንዙ ዳር አደረሱት። ሰው ተከትሎ እልል አለ። አዎ፣ እልል አለ፤ ከታች ሰፈርም እልል ያለ ነበረ። ወንዛችን ረታ እያሉ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ማጣሪያውን በግማሽ ቀን ፈትተው ጫኑት፤ ጓንጉል ሲከራከር ቶሎ ይፈታል ያለው እውነቱን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቱቦው ተመልሶ ቤቶቹ ሲሞሉ፣ ቅዳሜ ወረድኩ። መቅመስ አላስፈለገኝም፤ ሽታው ከድልድዩ በላይ ነው የተቀበለኝ። ግን ሥራዬ ነውና ቀመስኩ። ተፋሁት። ወደ ሰዉ ዞሬ፣ "ይህን ውሃ አትጠጡ፤ ይገድላል" አልኩ። "አብተውን የገደለው ነው፤ አሁን ደግሞ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ነው የመጣው።"

ጸሐፊው ብዕሩን አላነሣም። "ወንዙ ረትቷል" አለ። "በረታበት ጉዳይ ድጋሚ አይከሰስም። የቢሻው ቃል አይጻፍም።" ወደ ሰዉም ዞሮ፣ "መቅዳት ይቻላል" አለ፤ መዝገቡን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተና ሄደ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ እማዋይሽ ባዶ ጄሪካኗን አንሥታ ጀርባዋ ላይ አዘለችና የምንጩን መንገድ ያዘች። ስምንት ሰዎች ተከተሏት። የቀሩት ቆመው መንገዱን ያዩታል፤ ዳገቱን፣ ጫካውን፣ የፀሐዩን ከፍታ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት፣ አስናቀች፣ "ጋሽ ቢሻው፣ እኔ ይህን ልጅ አዝዬ አራት ሰዓት ተኩል ልሂድ?" አለችኝ። ጎንበስ ብላ ጄሪካኗን ከተተችው።

ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። እኔም ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆምኩ። የሚቀዱትን አንድ በአንድ፣ በየስማቸው እየጠራሁ፣ "አትጠጪው፤ አትጠጣው" አልኳቸው። አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም "እሺ ጋሽ ቢሻው" ብለው ቀዱ።